አታሚና አሳታሚ፦ «የጽዮን ሽማግሌዎች» ሐሰተኛ ሰነድ እንዴት ዕድሜ አገኘ

ለገሃር፣ ብሔራዊ ቲያትር ዙሪያ፣ አራት ኪሎ፣ ከፒያሳም የተረፉት ጥጎች አሮጌ መጽሐፍ ይሸጥባቸዋል። ሰፈር ሲነሣ የአንድ ቤተሰብ የስንት ዓመት መጽሐፍ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ እዚያ ይራገፋል። ከክምሩ ውስጥ አልፎ አልፎ አንድ ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ብቅ ይላል፤ ርዕሱ «የጽዮን ሊቃውንት ሽማግሌዎች ፕሮቶኮሎች»፣ ተርጓሚው ቪክቶር ማርስደን። ይኸው ጽሑፍ በፒዲኤፍ ከአንዱ የቴሌግራም ቻናል ወደ ሌላው ይዞራል፤ እየተቀነጨበም ምንጩ ሳይነገር «የዓለም ምሥጢር» ተብሎ አማርኛ ይለብሳል።

ሰነዱ ሐሰተኛ ነው። አይሁድ ዓለምን ለመግዛት በምሥጢር ተሰብስበው የመከሩት ተብሎ ቀረበ እንጂ እንዲህ ያለ ስብሰባም ምክርም አልነበረም። ሰፊ ክፍሉ የተገለበጠው ስለ አይሁድ ጨርሶ ከማያወራ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ነው። ይህ ከታወቀ 100 ዓመት አልፎታል። ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ ይሸጣል? መልሱን ከጽሑፉ በፊት ባሉት ገጾች ፈልጉት፤ አሳታሚው በጻፋቸው ገጾች። ሐሰተኛ ሰነድ ብቻውን አይኖርም፤ መቅድም የሚጽፍለት፣ ምስክር የሚያቆምለት፣ በተጋለጠ ቁጥር አዲስ እትም የሚያወጣለት ሰው ይፈልጋል። በእንግሊዝኛ ይህን ሥራ ለአሥርት ዓመታት የሠራው «ዘ ብሪተንስ» የተባለ የለንደን ማኅበር ነው፤ ዛሬ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ዘ ብሪተንስን በ1919 የመሠረተው ሄንሪ ሃሚልተን ቢሚሽ የአድሚራል ልጅ ነበር። በዚያው ዓመት ሰር አልፍሬድ ሞንድ የተባሉትን አይሁዳዊ ፖለቲከኛ «ከሃዲ» የሚል ፖስተር መስኮት ላይ ለጥፎ በስም ማጥፋት ተከሰሰ። 5,000 ፓውንድ ካሳ እንዲከፍል ሲፈረድበት አገር ጥሎ ወጣ። በመጨረሻ ደቡባዊ ሮዴዥያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ) ሰፍሮ የምክር ቤት አባል እስከመሆን ደረሰ፤ በጦርነቱ ጊዜ በ1940 ታሠረ፤ በ1948 ሞተ። ለንደን የቀረውን ማኅበር ጆን ሄንሪ ክላርክ የሚባል የሆሚዮፓቲ ሐኪም እስከ 1931፣ እስከ ሞቱ ድረስ መራው። አባላቱ በጣም ጥቂት ነበሩ፤ ወርኃዊ ጋዜጣቸውም በ1925 ቆመ። የማኅበሩ ጉልበት የነበረው በአንድ መጽሐፍ ላይ ነው፤ ያንኑ መጽሐፍ ደጋግሞ ማሳተም።

የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ግን ያወጣው ሌላ ነው። በ1920 መጀመሪያ «የአይሁድ አደጋ» በሚል ርዕስ ኤይር ኤንድ ስፖቲስዉድ አተመው። ተርጓሚው ጆርጅ ሻንክስ ስሙን አላወጣም፤ የሕትመቱን ወጪ የቻሉት እሱና አንድ ጓደኛው ናቸው፤ ብዛቱ 30,000 ቅጂ ነው። ኤይር ኤንድ ስፖቲስዉድ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስና የመንግሥት ሰነድ የሚያትም ስመ ጥር ቤት ስለነበረ አንባቢ ስሙን ሲያይ «መንግሥት ያመነበት ነው» አለ።

እዚህ ላይ አማርኛ ጥሩ መሣሪያ ይሰጠናል፤ አታሚና አሳታሚ ሁለት ሰው ናቸው። አታሚ ገንዘብ ተቀብሎ ቀለም ከወረቀት ያገናኛል። አሳታሚ ጽሑፉን መርጦ፣ ወጪውን ችሎ፣ ኃላፊነቱን ወስዶ ለሕዝብ ያቀርባል። ብርሃንና ሰላም ታተመ ማለት መንግሥት መሰከረለት ማለት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግጥም ያሳተመ ሁሉ ከዚያ ወጥቷል። በ1920 የለንደን አንባቢ የተሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። ታይምስ ጋዜጣ እንኳ በሜይ 8 ቀን 1920 ነገሩን እንደ ቁም ነገር ይዞ «እውነት ቢሆንስ?» ብሎ ጠየቀ። የመጀመሪያው ቤት ማተሙን ሲተው ዘ ብሪተንስ ተረከበው።

በዓመቱ ታይምስ ራሱ ስሕተቱን አረመ። በኦገስት 16፣ 17 እና 18 ቀን 1921 የቁስጥንጥንያ ወኪሉ ፊሊፕ ግሬቭስ ሁለት ጽሑፎችን ጎን ለጎን አድርጎ አወጣ። አንዱ ይህ «ፕሮቶኮል» ነው። ሌላው ሞሪስ ጆሊ የተባለ ፈረንሳዊ ጠበቃ በ1864 ያሳተመው፣ ማኪያቬሊና ሞንቴስኪዩ በሲኦል ተገናኝተው የሚከራከሩበት መጽሐፍ ነው። ጆሊ የጻፈው ናፖሊዮን 3ኛን ለመተቸት ነበር፤ በማኪያቬሊ አፍ ያናገረው ያንን ገዥ ነው። ለዚህም 15 ወር እስራት ተፈርዶበታል። ሐሰተኛውን ሰነድ የሠራው ሰው የማኪያቬሊን ንግግር ወስዶ «እኔ» የሚለውን «እኛ» አደረገና ለማይታወቁ «ሽማግሌዎች» ሰጠው። ከ160 በላይ ቦታዎች ላይ ቅጂው ይታያል፤ ከጠቅላላው ሁለት አምስተኛ ገደማ ማለት ነው፤ 7ኛው ምዕራፍ ሙሉ ለሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ከጆሊ የመጣ ነው። ቅደም ተከተሉ እንኳ ከጥቂት ቦታ በቀር አልተለወጠም።

ማንም ቁጭ ብሎ ሊያረጋግጠው የሚችለው አንድ ቦታ ይኸውላችሁ። የሁለቱንም 12ኛ ምዕራፍ ክፈቱ፤ ጆሊ ጋ 12ኛው ምልልስ ነው። ሁለቱም ስለ ፕሬስ ይናገራሉ። የጆሊ ማኪያቬሊ ጋዜጦቹን ሲገልጽ እንደ ቪሽኑ አምላክ መቶ ክንድ ይኖራቸዋል፣ ክንዶቹም የየአስተሳሰቡን ወገን እጅ ይጨብጣሉ ይላል። «ፕሮቶኮሉ» ደግሞ እንደ ሕንዱ ጣዖት ቪሽኑ መቶ እጅ ይኖራቸዋል፣ እያንዳንዱም የሕዝቡን አስተያየት አንድ አንድ ሥር ይዳስሳል ይላል። አይሁድ በምሥጢር ሲማከሩ የሂንዱ አምላክ፣ ያውም በዚያው ርዕሰ ጉዳይ፣ ያውም በዚያው ምዕራፍ ቁጥር፣ ከየት መጣላቸው?

ይህን ስታደርጉ ሁለት ነገር ያደናቅፋችኋል። አንደኛ፣ በገጽ ቁጥር አትፈልጉ፤ እትሙ ስለሚለያይ አይገጥምም፤ በምዕራፍ ሂዱ። ሁለተኛ፣ የፈረንሳይኛው ፋይል በፍለጋ የሚገኝ ከሆነ በአምላኩ ስም ሳይሆን «መቶ ክንድ» (cent bras) በሚለው ሐረግ ፈልጉ፤ የስሙ አጻጻፍ ከእንግሊዝኛው ይለያል። ፋይሉ እንደ ፎቶ የተነሣ ስካን ከሆነ ፍለጋ አይሠራም፤ ምዕራፉን ማገላበጥ ነው። ጆሊ በ1878 የሞተ ስለሆነ መጽሐፉ የማንም አይደለም፤ በነጻ ይገኛል። ፈረንሳይኛ ለማያውቅ ሰው በከተማው የሊሴ ገብረ ማርያም ተማሪ የነበረ ሰው አይጠፋም፤ አንድ ሰዓት ይበቃል።

አሁን ወደ ርዕሱ። «ፕሮቶኮል» የሚለው ቃል በአማርኛ ጆሮ ይከብዳል፤ የቤተ መንግሥት ሥነ ሥርዓት፣ የክብር እንግዳ አቀባበል ይመስላል። በዚህ ርዕስ ውስጥ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ማለት ነው። ቃለ ጉባኤ ደግሞ የሰፈር ዕድር ሳይቀር ይይዛል። ምን ምን ይኖረዋል? ቀን፣ ቦታ፣ የተገኙና ያልተገኙ አባላት ስም፣ አጀንዳ፣ ማን ምን እንዳለ፣ የተወሰነው ውሳኔ፣ የሰብሳቢና የጸሐፊ ፊርማ፣ ማኅተም። ይህን ሚዛን ይዛችሁ «ፕሮቶኮሉን» አንብቡ። ቀን የለውም። ቦታ የለውም። በስብሰባው የተገኘ የአንድም ሰው ስም የለውም። አጀንዳ የለም፤ የተቃወመ የለም፤ የጠየቀ የለም፤ ውሳኔ የለም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰው ብቻ ይናገራል፤ የተቀዳው ከአንድ ገጸ ባሕርይ አፍ ነውና። በመጨረሻ «የ33ኛው ደረጃ የጽዮን ተወካዮች ፈረሙ» ይላል፤ ስም የሌለው ፊርማ። ይህን ወረቀት ይዞ ዕድሩ ፊት የቀረበ ጸሐፊ በዚያው ቀን ይቀየራል።

«ጽዮን» እና «ሽማግሌ» የሚሉት ቃላትም እኛ ዘንድ የተለየ ሥራ ይሠራሉ። ጽዮን ለኢትዮጵያዊ አማኝ የእመቤታችን ስም ነው፣ አክሱም ነው፣ ኅዳር 21 ነው። ሽማግሌ ደግሞ የሚያስታርቅ፣ የሚከበር ሰው ነው። ርዕሱ ለአማርኛ አንባቢ ከጥንታዊ ብራና የወጣ ይመስለዋል፤ አውሮፓዊው አንባቢ የማያገኘውን ክብደት ያገኛል። አማርኛ ተርጓሚ ይህን ርዕስ እንዳለ ሲያስቀምጥ ሳያውቀው ለሐሰቱ ካባ እየደረበለት ነው።

የዘ ብሪተንስ እጅ ጎልቶ የሚታየው መቅድሙ ላይ ነው። ማርስደን የሞርኒንግ ፖስት ጋዜጣ የሩስያ ወኪል ነበረ፤ በአብዮቱ ጊዜ ታሥሮ ተንገላቷል፤ በኦክቶበር 1920 ሞተ። በስሙ የወጣው ትርጉም የታተመው ከሞተ በኋላ ነው። መቅድሙ ግን ሞቱን ለማስረጃነት ይጠቀምበታል፤ ብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጦ ሲተረጉም የጽሑፉ ክፉ መንፈስ ስለሚያሳምመው ከአንድ ሰዓት በላይ መቀጠል አይችልም ነበር ይላል። ሰውዬው ሞቷልና ማንም አይጠይቀውም። የአንባቢ ሐዘኔታ ከተርጓሚው ወደ ጽሑፉ ይሻገራል።

ሁለተኛው ምስክር ማኅተም ነው። መቅድሙ የሩስያኛው መጽሐፍ አንድ ቅጂ በብሪቲሽ ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት እንዳለና ኦገስት 10 ቀን 1906 የሚል ማኅተም እንዳረፈበት ይናገራል። እውነት ነው፤ መጽሐፉም አለ፣ ማኅተሙም አለ። ማኅተሙ የሚመሰክረው ግን መጽሐፉ በዚያ ቀን ቤተ መጻሕፍቱ መግባቱን ብቻ ነው። ወመዘክር ማንኛውም የታተመ ነገር ሲደርሰው ይመዘግባል፤ ልብ ወለዱንም፣ የከዋክብት ቆጠራውንም። የመዝገብ ቤት ማኅተም የእውነት ማኅተም አይደለም። ማኅተም በሚከበርበት አገራችን ይህ ዘዴ ይበልጥ ስለሚሠራ ደጋግሜ እላለሁ፤ ማኅተም ስታዩ «ማን ስለ ምን አተመው?» በሉ።

ሦስተኛው አሜሪካዊው የመኪና አምራች ሄንሪ ፎርድ ነው። መቅድሙ ፎርድ በፌብሩዋሪ 1921 ለአንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ የሰጠውን ቃል ይጠቅሳል፤ ፍሬ ነገሩ «በዓለም ላይ ከሚሆነው ጋር ይገጥማሉ» ነው። ፎርድ ከ1920 ጀምሮ በራሱ ጋዜጣ ይህን ነገር ሲነዛ የቆየ ሰው ነው። በ1927 ግን በስም ማጥፋት ከተከሰሰ በኋላ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ከዚያ በኋላ የወጡትም እትሞች የ1921ን ቃል ይዘው የ1927ን ይተዋሉ። እጃችሁ የገባው ቅጂ ፎርድን ጠቅሶ ይቅርታውን ካልጠቀሰ፣ አሳታሚው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ከዚያ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

«ይገጥማል» የሚለውን ክርክር ብዙ ቅን ሰውም ስለሚያነሣው በቁም ነገር መመለስ ይገባል። አዎ፣ ይገጥማል። የሚገጥመው ጆሊ አንድ አምባገነን ፕሬሱን፣ ፍርድ ቤቱን፣ ግምጃ ቤቱን እንዴት እንደሚይዝ በደንብ አይቶ ስለጻፈ ነው። በደርግ ሳንሱር ውስጥ ያለፈ ሰው 12ኛውን ምዕራፍ አንብቦ «ይህን አውቀዋለሁ» ቢል አያስገርምም። ያወቀው ግን አምባገነንን ነው፤ አይሁድን አይደለም። ዘ ብሪተንስ ያደረገው ያንን ትክክለኛ መታወቅ ወስዶ በማይገባው ሕዝብ ደጃፍ መጣል ነው። ከዘዴዎቻቸው ሁሉ እኔን በጣም የሚያስቆጣኝ ይህ ነው።

ስለ ትውልዱ ባጭሩ። መጀመሪያ ያሳተመው ፓቬል ክሩሼቫን ነው፤ በ1903 ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ ዝናምያ በተባለው የፒተርስበርግ ጋዜጣው። ከጥቂት ወራት በፊት በኤፕሪል፣ ሌላው ጋዜጣው በኪሺኔቭ ከተማ ያራገበው ጥላቻ 49 አይሁዳውያን ወደተገደሉበት ጭፍጨፋ አምርቶ ነበር። በ1905 ሰርጌ ኒሉስ በመጽሐፉ ውስጥ አስገባው። ሰነዱ ከየት ተገኘ ሲባል ታሪኩ በየእትሙ ይለዋወጣል፤ አንዴ ፈረንሳይ ካለ ጽሕፈት ቤት፣ አንዴ አንዲት ሴት ከአንድ የፍሪሜሶን አለቃ ሰርቃው፣ በኋላ ደግሞ በ1897 በባዝል ከተካሄደው የጽዮናውያን ጉባኤ። የባዝሉ ጉባኤ ጋዜጠኞች የተገኙበት ግልጽ ስብሰባ ነበር። ስለ አንድ ዕቃ ሦስት ጊዜ ሦስት ዓይነት ቃል የሰጠ ሻጭ መርካቶ ውስጥ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ታውቃላችሁ።

እዚህ ላይ የእኛ የዘመን አቆጣጠር የራሱን ወጥመድ ያመጣል። አማርኛ ቅንጭብጫቢዎች ግማሹን ዓመት ቀይረው ግማሹን እንዳለ ይተዉታል። የባዝል ጉባኤ 1897 ሲባል በእኛ 1889 ዓ.ም. ነው። የኒሉስ መጽሐፍ የወጣበት 1905 ደግሞ በእኛ ወደ 1897 እና 1898 ዓ.ም. ይገባል። አንዱ ሳይቀየር ሌላው ከተቀየረ ሁለቱም «1897» ይሆናሉ፤ ጉባኤውና መጽሐፉ በአንድ ዓመት የሆኑ ይመስላሉ፤ «ከስብሰባው ወዲያው ሾልኮ ወጣ» የሚለው ተረት ከዚህ ማስረጃ ያገኛል። የሙዚየሙ ማኅተምም ነሐሴ 4 ቀን 1898 ዓ.ም. ላይ ይውላል። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ካልተለዩ፣ ዓመቶቹን ወረቀት ላይ በሁለት ዓምድ ጽፋችሁ እስክታስተካክሉ ድረስ አትመኑት።

ፍርድ ቤትም አይቶታል። በደቡብ አፍሪካ ግራሃምስታውን በ1934፣ ከምኩራብ ተሰረቀ ተብሎ የቀረበ ተመሳሳይ ሰነድ ሐሰት መሆኑ ተፈርዶ አሠራጮቹ ካሳ ከፍለዋል። በስዊዘርላንድ በርን ዳኛ ዋልተር ማየር በሜይ 14 ቀን 1935 ፕሮቶኮሎቹን ሐሰተኛና ከሌላ ጽሑፍ የተገለበጡ ብሏቸዋል። በ1937 ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሻረ፤ የሰነዱ ደጋፊዎችም እስከ ዛሬ «እውነተኛ ነው ተባለ» ይሉታል። አልተባለም። የተሻረው ክሱ የተመሠረተበት የጸያፍ ጽሑፍ ሕግ ለፖለቲካ ጽሑፍ አይሠራም ተብሎ ነው።

«ለእኛ ምናችን ነው?» ለሚል ሰው ጣልያንን ማስታወስ ይበቃል። ጆቫኒ ፕሬዚዮሲ ፕሮቶኮሎቹን በጣልያንኛ በ1921 አሳተመ፤ በ1937 እንደገና ወጡ፤ አዲስ አበባ የየካቲት 12ን ሬሳ በቀበረችበት ዓመት ማለት ነው። በኦገስት 1938 ሮም ላይ «የዘር መከላከያ» የሚል ስም ያለው የፋሺስት መጽሔት መውጣት ጀመረ። የመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ ሦስት ራሶች አሉ፤ የነጭ ሐውልት ራስ፣ አይሁዳዊ ተብሎ የተሠራ የሸክላ ራስ፣ የአንዲት ጥቁር አፍሪካዊት ራስ። በነጩና በሁለቱ መካከል ሰይፍ ቆሟል። አይሁዳዊውና ጥቁሯ ከሰይፉ ወዲህ አንድ ላይ ናቸው። ይህን ሽፋን ያየ ኢትዮጵያዊ ከሰይፉ በየትኛው በኩል እንደተቀመጠ ለማወቅ አስተርጓሚ አይፈልግም። ደግሞም በገዛ አገራችን ቤተ እስራኤልን፣ አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ብለን ስንት ዘመን አግልለናል፤ ይህ የእንግሊዝ ወረቀት ያንን አሮጌ በሽታ ሊቀሰቅስ የሚችል ነው።

ቅጂው እጃችሁ ሲገባ አትቅደዱት፣ አታቃጥሉትም፤ ስትቀድዱት የሚተርፈው ፒዲኤፉ ነው፣ ማስረጃ የሚሆነው ወረቀት ግን ይጠፋል። መጀመሪያ የርዕሱን ገጽ ጀርባ እዩ፤ አሳታሚ፣ ከተማ፣ ዓመት፣ የስንተኛ እትም። ፎቶኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህ ገጽ ነው፤ ሲጎድል መቅድሙ የጠቀሰውን የመጨረሻ ዓመት ፈልጉ፣ እትሙ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። የምትሸጡ ከሆነ ከታሪክ መጻሕፍት ጋር አትደርድሩት፤ አዟሪ ክንድ ላይም አይውጣ። ለሚያጠና ሰው ሲሰጥ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለትምህርትና ለምርምር ቦታ ትቷል፤ «እውነተኛው ምሥጢር» ብሎ መንዛት ግን ሌላ ነገር ነው። ፒዲኤፍ ከሆነ የፋይሉን ስም «ሐሰተኛ ሰነድ» በሚል እንዲጀምር አድርጉ፣ ከዚህ በታች ያለውንም የመጀመሪያ ገጽ አድርጋችሁ ጨምሩበት።

«ይህ ጽሑፍ ሐሰተኛ ሰነድ ነው። መጀመሪያ የታተመው በ1903 እ.ኤ.አ. በሩስያ ነው። ሰፊ ክፍሉ ሞሪስ ጆሊ በ1864 ናፖሊዮን 3ኛን በመቃወም ካሳተመው መጽሐፍ የተቀዳ ነው፤ የሁለቱን 12ኛ ምዕራፍ አስተያዩ።»

ለወረቀቱ መጽሐፍ ይህንኑ የኤ4 ሩብ በሚሆን ወረቀት ላይ ጻፉት። ሽፋኑ ላይ አትለጥፉት፤ ሽፋን መጀመሪያ የሚገነጠል ነገር ነው። ውስጥ ብቻ ሸጉጣችሁም አትተዉት፤ ይወድቃል። ራሱ የርዕሱ ገጽ ላይ፣ ከርዕሱ በታች ባለው ባዶ ቦታ፣ አራቱንም ጠርዝ ሙጫ ቀብታችሁ ለጥፉት። ያን ጊዜ ቀጣዩ ሰው ወስዶ ፎቶኮፒ ሲያስነሣው ወረቀቷም አብራ ትነሣለች።